ትንሽ ጨጓራ፣ ትልቅ ማዕድ

ለጨጓራ ቁስለት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ለምዕራብ ጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ለዓመታት ሲያቃጥል የኖረ ቁስል ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው የጨጓራን መውጫ እያጠበበ ይሄድና የበሉት ሁሉ አልወርድ ይላል፤ ትናንት የተበላው ዛሬ ተመልሶ ይወጣል። ሰውየው ይከሳል፣ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ትንሹን አንጀት በቀጥታ ከጨጓራው ጋር ይሰፋዋል፤ ምግቡም የተዘጋውን መውጫ ትቶ በአዲሱ ያልፋል። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወምበርማ ገጠር ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚፈልገው መብላትና መወፈር ነው።

ክብደት ለመቀነስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የተወለደውም ከዚሁ ከጨጓራ ቁስለት ሕክምና መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። በቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ከፊል ተቆርጦ የወጣላቸው ሕሙማን ከዳኑ በኋላም ክብደት መጨመር ያቅታቸዋል። ለሌሎች ሐኪሞች ይህ የቀዶ ሕክምናው ጉዳት ነበር። ሜሰን ግን ከልክ ባለፈ ውፍረት ሕይወታቸው አደጋ ላይ ለወደቀ ሰዎች መድኃኒት ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። በ1966 ከባልደረባው ከቺካሺ ኢቶ ጋር የመጀመሪያውን የጨጓራ ባይፓስ ሠራ፤ በማግሥቱ ዓመትም ለሙያ አጋሮቹ በጽሑፍ አሳወቀ።

ከእርሱ በፊት፣ በ1954፣ የሚኒሶታ ሐኪሞች የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ዘለው የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አስተዋውቀው ነበር። ክብደቱ በእርግጥ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሕሙማኑን የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠርና የጉበት ውድቀት አሠቃያቸው፤ አንዳንዶቹም ሞቱበት። በመጨረሻም ተተወ።

ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው ሰባ አምስት እስከ ሰማንያ በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ ብቻ ይቀራል፤ አንጀት አይነካም። በባይፓስ ደግሞ ጨጓራው አይወጣም፤ ከላይኛው ጫፉ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ፣ የቡና ስኒ እንኳ የማትሞላ ከረጢት ትለያለች። ትንሹ አንጀት ተቆርጦ የታችኛው ጫፉ ወደ ላይ ተስቦ ከዚያች ከረጢት ጋር ይሰፋል። ምግብ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል፤ ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ዝቅ ብሎ ይገናኘዋል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ይህ ሁሉ ሆድ ሳይከፈት፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ ይሠራል። ልምድ ባላቸው ማዕከሎች በቀዶ ሕክምናው ሳቢያ የሚሞተው ሰው ከሺህ አንድ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙም አይለይም።

ታላቅ እህቴ ያሠራችው ባይፓስ ነው። የምትኖረው ውጭ አገር ነው፤ የተወለድነውም ያደግነውም ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ነው። ከስኳር ሕመም ጋር ለዓመታት ታግላለች፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እንቢ ብሏት ነበር። ታሪኳን እንድጽፍ ስትፈቅድልኝ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ፦ «ጨጓራዋን አሳንሰውላት ከሳች ብለህ አትለፈው። ያ ከሁሉም ትንሹ ነው።»

እውነቷን ነው። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ የሚያምኑት ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው መያዣውን በማሳነስና ምግብ በደንብ እንዳይመጠጥ በማድረግ ብቻ እንደሆነ ነበር። ያን እምነት ያናጋው የስኳር ሕመም ነው። ዋልተር ፖሪስ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1995 ባወጡት ጽሑፍ፣ ባይፓስ የተሠራላቸው የስኳር ሕሙማን ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ክብደታቸው ገና ሳይወርድ፣ የደም ስኳራቸው ወደ ጤናማው መጠን እየተመለሰ እንደሆነ አሳዩ። ኢንሱሊን ይወጉ የነበሩ ሰዎች አቆሙ። በእነዚያ ቀናት የሚበላው ጥቂት መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ከአንጀት ነው የመጣው። ምግብ የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ቶሎ ወደ ታችኛው ክፍል ሲደርስ በዚያ ያሉ ሴሎች ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የተባሉ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫሉ። የመጀመሪያው ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያፈልቅ ያግዛል፤ ሁለቱም ለአንጎል «ጠግበናል» ይሉታል። ከ2021 ጀምሮ ለክብደት መቀነሻ የተፈቀደው ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌም የተሠራው ያንኑ ጂኤልፒ-1ን አስመስሎ ነው።

የረኃብም ሆርሞን አለ። የጃፓን ተመራማሪዎቹ ኮጂማና ካንጋዋ በ1999 ያገኙት ግሬሊን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራው የላይኛው ክፍል ነው። ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፤ ከተበላ በኋላ ይወርዳል። በ2002 ዴቪድ ከሚንግስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ብዙ ሰው በራሱ ላይ የሚያውቀውን ነገር በቁጥር አሳየ፦ ምግብ ቀንሰው የከሱ ሰዎች ግሬሊናቸው ቀኑን ሙሉ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሰውነት ክብደት ሲጎድልበት የሚያውቀው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ረኃብ መግባቱ። ስለዚህ የምግብ ፍላጎትን ያነሣሣል፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፣ የጎደለውን ለመመለስ ይታገላል። ስሊቭ ይህን ሆርሞን የሚያመነጨውን ክፍል ቆርጦ ስለሚያወጣ መጠኑ በግልጽ ይወርዳል፤ በባይፓስ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ወፍራም ሰውን ሆዳም ማለት ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እህቴ በኪሎ ላይ ኪሎ ስትጨምር ከማንኛችንም የበለጠ የምትጾመው፣ ከማንኛችንም የበለጠ ምግብ የምትቆጥረው እርሷ ነበረች። ሃያ ኪሎ ትቀንሳለች፤ ዓመት ሳይሞላ ከእነ ወለዱ ይመለስባታል። የምትታገለው ከገዛ ሰውነቷ ጋር ነበር።

በጎጃም ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ያስፈልጋል ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው ከሚገባው በታች አጭር ነበሩ፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው ነበር። ምዕራብ ጎጃም በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በርበሬው የሚትረፈረፍበት አገር ሆኖ እንኳ ልጆቹ ይቀጭጫሉ፤ እህል ሞልቶ እንቁላሉና ወተቱ ወደ ገበያ ይሄዳልና። ነገር ግን በዚያው ጥናት ሌላ ቁጥርም አለ። በአገር አቀፍ ደረጃ የቀጫጭን ሴቶች ድርሻ በ2000 ከነበረበት 30 በመቶ በ2016 ወደ 22 ሲወርድ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች ከ3 ወደ 8 በመቶ ከፍ ብለዋል፤ አብዛኞቹም ከተሜ ናቸው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ መሆናቸው ደግሞ ያሳስበኛል፦ በእናቱ ማህፀንና በሕፃንነቱ የተጎዳ ልጅ አድጎ ኑሮው ሲሻሻል ለስኳር ሕመምና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል።

ቡሬን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። የገበያ ከተማ የነበረችው ዛሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ያለባት ናት። ከገጠር ስንቅ ይዞ በእግሩ ይመጣ የነበረው ባጃጅ ይሳፈራል፤ ለስላሳ መጠጥ ሠርግ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ወጡም በዘይት ይዋኛል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ለቀዶ ሕክምና የሚደርሰው በጣም ጥቂቱ ነው። መለኪያው በኪሎ የተመዘነ ክብደትን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል ይገኛል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 103 ኪሎ ብትመዝን 40 ይሆናል፤ 90 ኪሎ ብትመዝን 35። በ1991 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ 40 ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ሕመም ላለበት ይፈቅድ ነበር። በ2022 ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት 35 ብቻውን ይበቃል፣ የስኳር ሕመም ያለበት ከ30 ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል ብለው አሻሻሉት። ለሠርግ ቀሚስ አምስት ኪሎ ለመቀነስ የሚደረግ ነገር አይደለም።

እህቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለፋሲካ ቡሬ ስትመጣ ከሁሉ የከበዳት ሕመም አልነበረም፤ ማዕዱ ነበር። እናታችን ገና ከመኪና ስትወርድ አይታት አለቀሰች። በእኛ አገር ሰው በአጭር ጊዜ ሲከሳ ያየ ሁሉ የሚያስበው ወይ ሳንባ ነቀርሳን ወይ «ያን በሽታ» ነው፤ ብዙ ቤት በዚያ ሐዘን አልፏል። ጎረቤቶች ሊጠይቁ መጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ግን እኔን ነበር።

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ» ትላለች እናታችን፣ ዶሮ ወጡን እየጠቀለለች።

«እማዬ፣ ይብቃኝ፤ አልችልም። ከዚህ በላይ ያመኛል።»

«ምን በላሽና ነው? ወፍ የምትበላውን እንኳ አልበላሽ! በይ፣ ጉርሻ ሲያንስ ያጣላል።»

እህቴ ምራቋን ዋጥ አድርጋ ዝም አለች። ጉርሻ መመለስ ፍቅር መመለስ ነው ተብላ ያደገች ሴት ናትና እምቢታው ከቢላው ይልቅ አሳመማት። ያን ዕለት ማታ እናታችንን ለብቻዋ ቁጭ አድርጌ በወረቀት ላይ ጨጓራ ሥዬ አስረዳኋት። ከረጢቷ ከሞላች በኋላ የሚጨመር አንድ ጉርሻ ሄዶ የሚገባበት የለም፤ ደረት ላይ ይቆማል፣ ያስመልሳል፣ ሲደጋገም ከረጢቷን ይለጥጣል። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችና «እንግዲያ ምን ላብላት?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ።

መልሱ ይህ ነው። በመጀመሪያ ፕሮቲን፦ እንቁላል፣ አይብ፣ ዓሣ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ ምስር፣ ሽሮ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ስለሚይዝ በአሥር እንቁላል ልክ ማለት ነው፤ ለዚያች ከረጢት ቀላል ሥራ አይደለም። እንጀራው ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ጥቂት፣ በደንብ ታኝኮ። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ማርና ስኳር የበዛበት ነገርም ይቅር። አክስታችን በርዛ ያቀረበችላትን ብርዝ እህቴ ይሉኝታ ይዟት ብትጠጣው ደቂቃዎች ሳይሞሉ ልቧ መምታት፣ ላብ ማጥለቅለቅ፣ ራስ ማዞር ጀመራት። ስኳሩ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በአንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ሲፈስስ ከደም ውኃ ስቦ ይወስዳል፤ ሆርሞኖችም ይናወጣሉ። ጋደም ብላ ሲያልፍላት አክስታችን ደንግጣ ጠበል ለማምጣት ተነሥታ ነበር።

ጾሙም ብርቱ ጉዳይ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ በየረቡዕና ዓርቡ የእንስሳት ተዋጽኦ አይነካም። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ለመመጠጥም በጨጓራ አሲድና ጨጓራ በሚያመነጨው ፕሮቲን እርዳታ ይፈልጋል። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ሲጾም ሁለቱም መንገድ ይጠብበታል። ብረትና ካልሲየም የሚመጠጡበት የአንጀት መጀመሪያም ተዘልሏል። ስለዚህ የቫይታሚንና የማዕድን እንክብሉ፣ የቢ12 መርፌውም ዕድሜ ልክ የሚቀጥሉ ናቸው። እህቴ የንስሐ አባቷን አማከረች፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ርኅራኄ ነግረዋት በእርሳቸው ፈቃድ እንደ አቅሟ ትጾማለች።

አሁን የምጽፈውን በተለይ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት የሚሠሩ ወገኖቼ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም በውጭም በአዲስ አበባም፣ ወደ ቱርክና ወደ ሕንድ እየሄደም ይህን ቀዶ ሕክምና የሚያሠራ ሰው አለ፤ ለበዓልም ሆነ ለለቅሶ የሚመለሰው ወደ ቀዬው ነው።

ራሱን ወይም ወገቡን ሲያመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚሰጠው ባይፓስ የተሠራለት ሰው ጨጓራና አንጀት በተሰፉበት ቦታ ላይ ቁስለት ሊወጣበት፣ ሊደማ፣ ሊበሳም ይችላል። ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ለቀናት ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው ደግሞ ቢ1 የተባለው ቫይታሚን ሊያልቅበት ይችላል፤ ሰውነት ያከማቸው ለሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። ዓይኑ መዋለል፣ እርምጃው መንገዳገድ፣ ንግግሩ መደነጋገር ከጀመረ ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ መስቀል አንጎሉን የባሰ ሊጎዳው ይችላል። ቢ1 በደም ሥር ይቅደም፤ ግሉኮሱ ይከተል።

የሆድ ቁርጠትም አለ። በኢትዮጵያ ደጋ የአንጀት መጠማዘዝ የታወቀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ስለሆነ ሐኪሞቻችን ያውቁታል። ባይፓስ ያለበት ሰው ግን ሌላ ዓይነትም ይገጥመዋል፦ አንጀቱ ሲሰፋ በተፈጠረ ክፍተት ውስጥ ሌላው አንጀት ሾልኮ ይታነቃል፤ ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላም ጭምር። ማስመለስ ላይኖር ይችላል፤ ተራ ራጅም ደህና ሊመስል ይችላል። ከቡሬ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባሕር ዳር ሲቲ ስካን አለ፤ እስከ ነገ እንየው የሚባል ሕመም አይደለም።

ስለ አረቄም ልናገር። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው ፈጥኖና በርትቶ ነው፤ ድሮ ሁለት መለኪያ የማይነካው ሰው በአንዱ ይሰክራል። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በኋላ በመጠጥ የሚቸገሩ ሰዎች ቁጥር መጨመሩን አሳይቷል። ሴቶች ደግሞ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ሳይሞላ እንዳያረግዙ ይመከራል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል በክንድ የሚቀበር ወይም መርፌ ይሻላል።

ጥቅሙስ? ከ1987 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለው የስዊድን ጥናት ባይፓስ የተሠራላቸው ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላም ከቀድሞ ክብደታቸው 25 በመቶ ገደማ ዝቅ ብለው እንደቆዩ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው በሙሉ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩም የሚሞቱት እንዳነሱ በ2007 አሳይቷል። ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ቆዳ ይንጠለጠላል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፀጉር ይረግፋል፤ ቶሎ በመክሳት የሐሞት ጠጠር ሊመጣ ይችላል። እህቴ ዛሬ ኢንሱሊን አትወጋም። ከቡሬ ገበያ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ቅርጫቱን ይዛ ስትወጣ እኔ ነኝ ከኋላ የምቀረው።

ውጭ ሄዶ ለማሠራት ገንዘብ እያጠራቀመ ያለ ሰው ካለ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ተመልሼ ስመጣ ማን ይከታተለኛል? ደሜን በየስንት ጊዜው እመረመራለሁ? የቢ12 መጠን በየሆስፒታሉ አይለካም፤ መርፌው ግን ምርመራውን ሳይጠብቅ በወቅቱ ሊሰጥ ይችላል። የተሠራው ምን እንደሆነ የሚገልጸውን የሐኪም ጽሑፍ ሳይቀበል ከዚያ ሆስፒታል አይውጣ። እህቴ የራሷን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስጽፋ በቦርሳዋ ትይዛለች፤ አንዱን ቅጂ እናታችን ከመታወቂያዋ ጋር አስቀምጣዋለች። እህቴ መናገር አቅቷት ሌሊት ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ብትወሰድ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የቱ አንጀት ከየት ጋር እንደተሰፋ ከወረቀቱ ያነባል።